ፊደል ነው ወይስ አይደለም

«ሦስት ነን ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» አለች የወንድሟ ሚስት።

ግድግዳው ለስሙ ነው እንጂ በቀለም የተለበጠ ኮምፖንሳቶ ነው፤ ከወዲያ ሰው ሲገላበጥ ከወዲህ ይሰማል። ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ስትደረድር የኖረችው ፊደል ለቃሚዋ አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች፣ ጣራውን እያየች፣ ሳትፈልግ ሁሉንም ሰማች። የወንድሟ ልጅ እጮኛ እናት በስልክ «ቤተሰቡ ስንት ነው?» ብላ ጠይቃ ኖሯል። የወንድሟ ሚስትም አፏ ላይ የመጣላትን መልሳለች፤ እሷ፣ ባሏና ልጃቸው። ዛሬ እንግዶቹ ለምሳ ሲመጡ አራተኛ ሰው ቤት ውስጥ ቢያገኙ ምን ይባላል? «ልጅቷ እዚህ ቤት ልትገባ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ዝቅ ማለቱ ግን ለኮምፖንሳቶው አልጠቀመም። «እኔ አማቷ ሳላንስ ያንተ እህት ደግሞ አለችባት ብለው ገና ከደጃፍ እንዲመለሱ ነው የምትፈልገው?» «ታዲያ ማን ናት ቢሉኝስ?» አለ ወንድሟ። «የምትረዳን ሴት ናት በላቸው። ለአንድ ቀን እኮ ነው።» ፊደል ለቃሚዋ አንድ ቃል ጠበቀች፤ «ተይ እንጂ» ቢል እንኳ ይበቃት ነበር። አልጋው ሲንቋቋ፣ ነጠላ ጫማ ወለሉን እየጠረገ ሲሄድ፣ ከዚያም የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሲከፈት ሰማች። ውሃው ሲወርድ ቆየ። መልሱ እሱ ነበር።

በክፍሏ በር እጀታ ላይ አዲስ ሽርጥ ተንጠልጥሏል። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ ነጭ፣ የዋጋው ወረቀት ገና ያልተበጠሰለት። ትናንት የወንድሟ ሚስት «እትዬ፣ ይቺን ላንቺ ብዬ ነው» ብላ ስትሰጣት የምር ስጦታ መስሏት ደጋግማ አመስግናለች። ርካሽ ዕቃ አይደለም፤ ሱቁን ታውቀዋለች፣ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ አይታው «ለሽርጥ ይሄ ሁሉ?» ብላ ያለፈችው ነው። የከነከናትም ይኸው ነው። ሴትዮዋ ክፉ ብትሆን፣ አሮጌ ጨርቅ ብትወረውርላት፣ መናደዱ ይቀላት ነበር። እንዲህ ተመርጦ፣ ልኳ ተገምቶ ሲገዛላት ግን የምትናደድበት ቦታ አጣች። የዋጋውን ወረቀት በጥርሷ በጥሳ ሽርጡን ትራሷ ላይ አጣጥፋ አኖረችው፤ ፊቷን ታጥባ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። «እትዬ፣ እንዳትቆዪ እሺ፤ ዶሮው በጊዜ ምድጃ መግባት አለበት» አለቻት የወንድሟ ሚስት ከኩሽና፣ እንደ ወትሮው በደህና ድምፅ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፒ ቤት የከፈተች የድሮ ባልደረባዋን ልታግዝ እንደምትሄድ ነው የሚያውቁት።

ባልደረባም ኮፒ ቤትም የለም። ማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ላጡ ሰዎች በከፈተው የሥልጠና ማዕከል ሲ የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ትማራለች። ማተሚያ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ያልሞከረችው ነገር አልነበረም፤ ይሄኛውን የያዘችው ግን ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ ስላለ አንድ መስመር ነው። ሥልጠናውን የሚደግፈው ከከተማው ዳር ያለ፣ የዋጋ ወረቀትና የደረሰኝ ማተሚያ መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ነው። የመጨረሻውን ፈተና ያለፈ በተለማማጅነት ይገባል፤ ከፋብሪካው ጀርባ ባለው የሠራተኞች መኖሪያም አንድ ክፍል ይሰጠዋል። ስታስበው ደመወዙ ኋላ ነው የሚመጣባት። ፊት የሚመጣባት ክፍሉ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት የሆነ፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ። ፈተናው ዛሬ ነው። ብታልፍ ለወንድሟ ልትነግረው ያሰበችውም ዛሬ ነበር፤ እንግዶቹ ባሉበት፣ ጨዋታው ሲደራ፣ «እኔም እኮ ወሬ አለኝ» ልትል። ሳምንቱን ሙሉ ቃሎቹን ስትደረድራቸው ሰንብታለች። የምትቀመጥበትን ወንበር ሳይቀር መርጣ ነበር፤ አንድ እግሯ አጥሮ የምትንገዳገደዋን፣ እንግዳ እንዳይቀመጥባት ብላ።

አውቶቡሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ ቆመች። በመስታወቱ ውስጥ ከኋላ የሚመጡት መኪኖች ግንባር ላይ የተጻፈው ሁሉ ተገልብጦ ይታያል፤ ለእሷ ግን የተገለበጠውም የቀናውም አንድ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርሳስ ፊደል የሚለቀመው ተገልብጦ ነው፣ ዕድሜዋን ያሳለፈችው በመስታወት ዓለም ነው ቢባል አያስዋሽም። ወንድሟን ሕፃን ሳለ በዚያ ደመወዝ ስታስተምረው፣ ማታ ማታ የጣቶቿን ጥቁረት በአሸዋ ስትፈትግ አጠገቧ ቁጭ ብሎ «እታለም፣ ዛሬ ምን ጻፍሽ?» ይላት ነበር። «እኔ አልጽፍም፣ የተጻፈውን ነው የምለቅመው» ትለዋለች። በማግስቱ መልሶ ይጠይቃታል።

የማዕከሉ ክፍል ቀዝቃዛ ነው። ኮምፒውተሮቹ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተርፈው የመጡ ናቸው፤ የቁልፎቹ ፊደል በሌላ ሰው ጣት ተፍቆ አልቋል፣ እሷን ግን ይሄም አላስቸገራት። ከጎኗ የሚቀመጠው ታክሲውን ሽጦ የገባ ወፍራም ሰውዬ ነው፤ እሱ «ማተሚያ ቤት» ይላታል፣ እሷ «ባለታክሲው» ትለዋለች፣ ከዚህ አልፎ ስለ ቤታቸው ተጫውተው አያውቁም። አስተማሪው ቀጭን፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል ወጣት ነው። ጥያቄውን አጭር አድርጎ ነገራቸው። «መሣሪያው አንድ ምልክት ይሰጣችኋል። ፊደል ከሆነ አንድ፣ ካልሆነ ዜሮ ትመልሳላችሁ። ከዚያ በዚሁ ተጠቅማችሁ መስመሩ ውስጥ ስንት ፊደል እንዳለ ትቆጥራላችሁ። ለዚህ የተዘጋጀ ነገር ሲ ውስጥ አለ፣ ኢዝ አልፋ የሚባለው፤ ዛሬ እሱን መጥራት ክልክል ነው። ራሳችሁ ጻፉት። እስከ ደወሉ ድረስ የፈለጋችሁትን ያህል ሞክሩ።»

ሥራው እጇ ላይ ያለ ነገር መሰላት። በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ምልክት ሁሉ ቁጥር አለው። ትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ከኤ እስከ ዜድ በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ፣ ትልልቆቹም በራሳቸው ረድፍ፤ በሁለቱ ረድፎች መካከል ግን ቅንፍና ጭረት የመሰሉ ነገሮች ተሰንቅረዋል። ስለዚህ ሁለቱን ረድፎች ለየብቻ መጠየቅ ግድ ነው፤ ምልክቱ በዚህኛው ረድፍ ውስጥ ነው? ካልሆነስ በዚያኛው? ይህን የተማረች ቀን ደስ ብሏት ነበር። ማተሚያ ቤትም ለእንግሊዝኛው ትልልቁ ፊደል ከላይኛው ሳጥን፣ ትንንሹ ከታችኛው ነበር የሚለቀመው። ሁለቱን ጥያቄዎች ጻፈች። ጣቷም፣ እሷን ሳያማክር፣ ሦስተኛ ጨመረበት። አስፈተሸችው። ኮምፒውተሩ አንድ ቃል ብቻ ያለበትን መስመር ልክ ነሽ አላት፤ ረዘም ባለው ላይ ግን ቁጥሩ በዝቷል ብሎ ቀይ መስመር ሰጣት።

ከዚያ በኋላ ያለፈው ጊዜ ረጅም ነበር። ከኤ አንድ እያለች እስከ ዜድ ሁሉንም ፊደል በየተራ አስገብታ ሞከረች፤ ሁሉም ልክ ነው። ቁጥሩን፣ ነጥቡን፣ ቅንፉን ሞከረች፤ ሁሉም ልክ ተመልሷል። አጠገቧ ባለታክሲው ሆዱ እስኪነቃነቅ ድረስ ይስቃል። «ማተሚያ ቤት፣ የኔው እኮ ሁሉንም ፊደል ነህ ይለዋል። ነጥቡንም፣ ጭረቱንም፣ ቁጥሩንም። ማንንም መመለስ አልቻለም፤ ልክ እንደ ታክሲዬ፣ ሞልቷል ማለት አያውቅም።» ከኤ አያንስም «እና» ከዜድ አይበልጥም ማለት ሲገባው «ወይም» ብሎ ኖሯል፤ ከኤ የሚያንስ ሁሉ ከዜድ አይበልጥምና በሩ ለሁሉም ተከፍቷል። አንዷን ምልክት ለወጠና አለፈ። ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ ተንጠራራ። ክፍሉ ውስጥ የሚቀሩት ጥቂት ነበሩ። እሷ ያንኑ ቀይ መስመር እያየች የብሎኬቱ ግድግዳ ከፊቷ ሲሸሽ ይታያት ጀመር።

አስተማሪው ጀርባዋ ላይ መጥቶ ቆመ። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አየና ጣቱን በሦስተኛው ጥያቄ ላይ አሳረፈ። «እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ባዶው ነዋ» አለች። «በቃልና በቃል መካከል ያለው።»

«እሱንም ፊደል ብለው ቆጥረውታል።»

አየችው። እውነትም ቆጥራዋለች፣ ግን የት ላይ እንደ ተሳሳተች ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ማተሚያ ቤት ውስጥ ባዶ ቦታ የሚባል ባዶ አልነበረም። እሱም እርሳስ ነው፤ እንደ ሌላው ፊደል ሳጥኑ ውስጥ የራሱ ክፍል አለው፣ በጣት ይነሳል፣ ይመዝናል፣ ይደረደራል፤ ፊቱ ላይ የተቀረጸ ነገር ስለሌለ ብቻ ወረቀቱ ላይ ሳይታይ ይቀራል። መስመር ጸንቶ የሚቆመው በእሱ ነው። አንድ የጎደለበት መስመር ከፍ ሲያደርጉት ተበትኖ እግር ላይ ይፈሳል። አለቃዋም የቀኑን ሥራ ሲቆጥር አብሮ ይቆጥረው ነበር። «እኛ ዘንድ ይቆጠራል» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ከሌለ እኮ ቃሎቹ ይጣበቃሉ።»

«ልክ ነው፣ ይጣበቃሉ» አለ አስተማሪው፤ አልሳቀባትም። «ግን ጥያቄው ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም አይደለም። ፊደል ነው ወይስ አይደለም ነው የሚለው።» ሰዓቱን አይቶ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ።

ሦስተኛዋን ጥያቄ ለማጥፋት አንድ ቁልፍ ጥቂት ጊዜ መጫን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆየች። ለምን እንደ ቆየች ራሷም አላወቀችም፤ ማለፍ ትፈልጋለች፣ ሰውዬው ልክ መሆኑንም ታውቃለች። ኋላ አጠፋችው። ኮምፒውተሩ ሁሉንም መስመር ልክ ነሽ አላት። ደወሉ ሊደወል ምንም አልቀረውም ነበር።

«ሰኞ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ» አለ አስተማሪው እያንዳንዳቸውን እየጨበጠ። ኮሪደሩ ላይ ያለፉት ሁሉ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል። ባለታክሲው «አለፍኩ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺ» እያለ ከሚስቱ ጋር ይጯጯሃል። ፊደል ለቃሚዋም ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ዝም ብላ መቆሟ አሳፍሯት ነው። የወንድሟ ስም ላይ ደረሰች፤ ከእሱ በታች የምትደውልለት ስም አልነበረም። መልሳ ከተተችው። «እንኳን ደስ ያለሽ ማተሚያ ቤት፤ ቤት ሲሰሙ ምን ይሉሽ ይሆን?» አላት ባለታክሲው እያለፈ። «ይደሰታሉ» አለችው።

ቤት ስትደርስ ዶሮው በቅቤና በነጭ ሽንኩርት ተለውሶ ይጠብቃታል። ሽርጡን ታጠቀች፣ ምድጃውን ለኮሰች፣ ሩዙን አጠበች፣ ቲማቲም ከተፈች። የወንድሟ ሚስት ከሳሎን ወደ ኩሽና እየተመላለሰች ስለ ቲማቲም መወደድ፣ የሹካዎቹ ቁጥር ሙሉ ስላለመሆኑ፣ ስለ ልጅቷ እናት ቁጥብነት ታወራለች፤ እሷም ትመልሳለች። የጠዋቱን ነገር ያነሳ የለም። የወንድሟ ልጅ ወደ ኩሽና ብቅ ብሎ ውሃ ቀዳ። ሌላ ጊዜ «አክስቴ» ሳይል ብርጭቆ አያነሳም፤ ዛሬ ምንም ሳይላት፣ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ወጣ። ለእሱም ተነግሮታል ማለት ነው።

ወንድሟ መጨረሻ ላይ መጣ። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ምንም ሳያወጣ ዘጋው። «ዶሮው ሸተተ» አለ። «ገና ነው» አለችው። የጨው ዕቃውን ክዳን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርግ ጀመር፤ ልጅ ሆኖም ጥፋት ሲኖርበት እጁ እንዲህ ነበር የሚሆነው። «እታለም… ዛሬ እነዚህ እንግዶች… መቼም የሰው ነገር ታውቂያለሽ፣ አንዱን ሲያዩ ሌላውን…» ቆመ። ያልጨረሰውን ስትጨርስለት የኖረች እሷ ናት፤ ዓረፍተ ነገሩንም፣ የቤት ሥራውንም፣ ሳህኑ ላይ የተረፈውንም። አሁንም እንድትጨርስለት ጠበቀ። እሷ ቲማቲሙን መክተፍ ቀጠለች። «ግድግዳው ስስ ነው» አለች ብቻ። ወንድሟ የጨው ዕቃውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

እንግዶቹ የልጅቷ አባት፣ እናትና አያት ናቸው፤ ልጅቷ ራሷም አብራ መጥታ ከእጮኛዋ አጠገብ አፍራ ተቀመጠች። ኮታቸውን የወንድሟ ሚስት ተቀብላ በፊደል ለቃሚዋ አልጋ ላይ ከመረችው፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። ጠረጴዛው ዙሪያ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። የምትንገዳገደዋ ወንበር ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ፊደል ለቃሚዋ ሾርባውን አቀረበች፣ አነሳች፣ ዶሮውን አቀረበች። የልጅቷ እናት ዓይኗ መጋረጃውን፣ ጣራውን፣ የሳህኑን ጠርዝ ሳይቀር ይለካል፤ አባትየው ይበላል። የተናገረችው አያቲቱ ናት። «ልጄ፣ አንቺ አትቀመጪም? ቆመሽ ቀረሽ እኮ።» የወንድሟ ሚስት ቀደም ብላ «እሷ ቆሞ መሥራት ለምዳለች፣ እማማ» አለች። ውሸት አይደለም፤ ፊደል የሚለቀመው ቆሞ ነው።

ሥጋው ሲያልቅ ጨዋታው ደራ። አባትየውም አፉ ተፈትቶ ስለ ልጅነቱ አወራ፤ ያን ሲሰማ ወንድሟም ሞቅ አለው። ትምህርት ቤት እንዴት መጽሐፍ ጠፍቶበት ለቀናት ከቤት እንደ ተደበቀ፣ ማን መጽሐፉን እንደ ተካለት ሳይናገር፣ እጁን እያወናጨፈ አወራ። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ በሳቁ መሀል ትን አለው፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እየሳለ ብርጭቆውን ወደ ጎኑ ዘረጋና፣ ዘወር ብሎ ሳያይ፣ ዕድሜውን ሙሉ እንዳደረገው «እታለም፣ ውሃ» አለ።

ሹካዎቹ ቆሙ። «እታለም?» አለች የልጅቷ እናት ፈገግ ብላ፤ መጠየቋ ነው።

«እንዲህ ነው የሚላት» አለች የወንድሟ ሚስት ሳቋን አስቀድማ። «እኛ ቤት እንደ እህት ነው የምናያት።»

ሁሉም ወደ ወንድሟ ዞሩ። ብርጭቆው ገና አየር ላይ ነው። ፊደል ለቃሚዋ ጆጉን ይዛ ከትከሻው አጠገብ ደርሳለች፤ ፀጉሩ መሀል ላይ መሳሳት መጀመሩን ከላይ ታያለች። ማንም ሳይገፋው በሩ በራሱ ተከፍቷል፤ «እህቴ ናት» ለማለት ይቺ ደቂቃ ትበቃዋለች፣ ከዚያ ያለው ሳቅ ነው፣ ይቅርታ ነው፣ አንድ ወንበር መሳብ ነው። «አዎ» አለ ወንድሟ ሳህኑን እያየ፤ «እንደ እህት ናት።»

ውሃውን ቀዳችለት። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። የልጅቷ እናት ከተቀመጠች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ ብሎ ወደ ባሏ ዞረች። «የሚረዳቸውን ሰው እንዲህ የሚያከብር ቤት አይቼ አላውቅም። ልጄ እዚህ ብትገባ አላስብም።» የነገሩ መቋጫ ይኸው ሆነ። ሻይ ቀረበ፤ ስለ ሠርጉ ወር ተነጋገሩ።

እንግዶቹ ሲወጡ ፀሐይዋ ገና በረንዳው ላይ ነበረች። የወንድሟ ሚስት ኩሽና ገብታ አቀፈቻት፤ ከልቧ ነው፣ ዓይኗ እርጥብ ነበር። «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ አኮራሽን» ብላ ልትጋደም ሄደች። ሳሎን ውስጥ ወንድሟ ወንበሮቹን ወደየቦታቸው ይመልሳል። ፊደል ለቃሚዋ ፍርፋሪውን ለመጥረግ ስትመጣ እጁን ወንበር ላይ እንዳሳረፈ ቆመ።

«እታለም፣ ያው… ታውቂያለሽ።»

«ሰኞ እሄዳለሁ» አለች።

«ወዴት?»

ነገረችው። ፋብሪካውን፣ ፈተናውን፣ ክፍሉን። ሳምንቱን ሙሉ ስትደረድራቸው የሰነበቱት ቃላት አንዳቸውም አልመጡላትም፤ አድራሻ እንደሚጠቁም ሰው አጭር አድርጋ ነገረችው። ወንድሟ አፉ በትንሹ ተከፍቶ ሰማት። «መቼ ተማርሽው?» «ቅዳሜ ቅዳሜ።» መንገድ ላይ አንድ ሰው መኪና ያስነሳል፣ ይጠፋበታል፣ ያስነሳል። «እሺ፣ እነሱ ደግሞ ሲመጡ» አለ ወንድሟ፣ በዚያው ልጅነቱ በምታውቀው የተጨነቀ ድምፅ፤ «የት ሄደች ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ?»

ሽርጡን ከወገቧ ፈታች። መልሳ በእጥፋቱ አጠፈችውና የምትንገዳገደዋ ወንበር መደገፊያ ላይ ሰቀለችው።

«የምትረዳን ሴት ሥራ ለቀቀች በላቸው።»

ክፍሏ ገብታ በሩን መለሰች። ኮቶቹ አልጋው ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ትተዋል፤ ብርድ ልብሱ የማታውቀው ሰው ሽቶ ይሸታል። በእጇ ጠፍጠፍ አድርጋ አስተካከለችውና ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ሳትፈልግ፣ እንደ ጠዋቱ፣ ጆሮዋ ቆመ። ሳሎን ውስጥ ወንበሯ ስትንገዳገድ ሰማች፤ አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ። ወንድሟ ተቀምጦባታል። እግሩን ወደ በሯ ያነሳ እንደሆነ ጠበቀች። ወንበሯ አልፎ አልፎ ትንቀሳቀስ ነበር እንጂ እሱ አልተነሳም።